ጆሮ ጠቢውን ሠርግ ጠራነው

እኔ የምለው፣ ሰሚ ማግኘት እንዲህ ያስፈራ ኖሯል? ዕድሜ ልካችንን «ሰሚ አጣን» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። እኔ ራሴ ከደጃፋችን ያለው የመንገድ መብራት ጠፍቶ ሰው ቦይ ውስጥ እየገባ ነው ብዬ ለማመልከት ቀበሌ ስመላለስ የጫማዬ ተረከዝ አልቋል። አንዱ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይለኛል፤ አንዷ «ነገ ይምጡ» ትለኛለች፤ በነጋታው ስሄድ «ነገ» ያለችኝ ልጅ ራሷ ስብሰባ ገብታለች። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ ሰኢድ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «አያ ደሴ፣ በስልክ የምናወራው ሁሉ ይሰማል» ያለኝ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። እንግዲያው የመብራቱንም ነገር ሰምተው ይሆናላ፣ አልኩ በልቤ።

ሰኢድ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ልጁን ላስተዋውቃችሁ። እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ መጋረጃ ይሸጣል። አያቱ ጨርቅ ነጋዴ፣ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ፤ አባቱ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ካረፉ ወዲህ ሱቁን የያዘው እሱ ነው። የእነሱ ቤትና የእኔ ቤት በአንድ ግድግዳ የቆሙ ናቸው፤ ከዚያ ወገን ሲያስነጥሱ ከዚህ ወገን «ይማርህ» የምል ጎረቤት ነኝ። ሰኢድ ጨዋ ነው። ትንሽ ፈሪም ነው። መንገድ ሲሻገር ማኪና ባይኖርም ግራ ቀኙን አይቶ፣ ደግሞ አይቶ፣ በመጨረሻ ማዶ ያለውን ጉዳይ የሚተው ዓይነት ሰው ነው።

የፍርሃቱ ምክንያት እንዲህ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ላይ መልእክት መጣ፤ «አንድ አዲስ መሣሪያ ወደ ፌስቡክ አካውንትህ ገብቷል፤ ቦታ፣ አዲስ አበባ» የሚል። ሰኢድ አዲስ አበባ የሚያውቀው ሰው የለም። ለእኛ ደግሞ አዲስ አበባ ሰው የሚኖርበት ከተማ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ከተራ ሌባ ይልቅ መንግሥትን መጠርጠር ለምን እንደሚቀናን አላውቅም። ምናልባት ሌባ ይንቀናል ብለን ስለምናስብ ይሆናል።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ ትንሽ ሰንበት ሲል ቀሐ አካባቢ የቦኖ ውሃ ተመረቀ። ባለሥልጣኑ ሪባን ሲቆርጡ የተነሱት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ከፎቶው ሥር፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ከሚለው ሕዝብ መካከል፣ በሳቅ ብዛት ዕንባው የሚወርድ ቢጫ ፊት ተቀምጧል። ማን እንደሳቀ ለማወቅ ፊቱን ነካ ማድረግ ነው፤ ስም ያወጣል። ስሙ የሰኢድ ነው።

«ቁርኣን ምታ በሉኝ፣ እኔ አልሳቅሁም» አለን። «ገብተው በስሜ ሳቁና በገዛ ሳቃቸው ሊከሱኝ ነው።»

እኔም ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና በረጋ መንፈስ ላጽናናው ሞከርኩ። በሳቅ የታሰረ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ ወይ፣ አልኩት። «አያ ደሴ፣ የሳቀው ሰው ስም ተጽፏል፤ የሳቀበት ምክንያት ግን አልተጻፈም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የሰኢድ የስልክ ወሬ ተለወጠ። ድሮ እናቱ ጋ ደውሎ «እማየ፣ ምሳ ምንድን ነው?» የሚለው ልጅ፣ «እማየ፣ በአካባቢያችን ልማቱ እንዴት እየሄደ ነው?» ማለት ጀመረ። እናቱ እትየ ራሕመትም «ምስር ነው» ይሉታል። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ስልኩን በቀይ የከፋይ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከትልቁ የመጋረጃ ጣቃ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሱቁን ቆልፎ ከሊማሊሞ ማዶ ቆላ ወዳለችው ዛሪማ ወረደ። እዚያ የአባቱ ወዳጅ የነበሩ አንድ እህል ነጋዴ አሉ። በደጋው አገር ሰው ሲሸፍት ጠመንጃ ይዞ ነበር የሚወጣው፤ የእኛው ሽፍታ ሜትርና መቀስ ይዞ ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት፣ በተደበቀበት ከተማ የመስኮት ልክ ሲወስድ ነው የከረመው።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሊሆን ይችል ነበር፣ የሐያት ኒካሕ ባይደርስ። ሐያት የሰኢድ ታናሽ እህት ናት። ድንኳኑ ተነግሮ፣ በሬው ታስሮ፣ ሙሽራው ጀማል ከነሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጦ አልቋል። በእነሱ ሕግ ልጅቱን የሚድራት አባቷ ነው፤ አባት ካለፈ፣ አያትም ከሌለ፣ ወንድሟ ነው ከሙሽራው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ «ድሬልሃለሁ» የሚለው። ወንድም ደግሞ ያለው አንድ ነው፤ እሱም ሸፍቷል። ኒካሑን የሚያስሩት ሼህ እንድሪስ፣ ሰኢድ ውክልና ለሌላ ሰው መስጠት ይችላል ብለው ነበር፤ ሐያት ግን «አባቴን አላየው፣ ወንድሜንም ልጣ? ሰኢድ ካልዳረኝ አልዳርም» ብላ ክፍሏን ዘጋች። ግድግዳው አንድ ነው ብያችኋለሁ። ልቅሶዋን ስሰማ አላስችል አለኝና በማግሥቱ ዛሪማ ልሄድ ተነሳሁ።

ወለቃን አልፈን፣ ዳባትን አልፈን፣ ሊማሊሞን እየተጠማዘዝን ስንወርድ የምለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ሰኢድን እህል መጋዘን ውስጥ፣ ማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል፤ ጺሙ አድጓል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ኮራ ብሏል። ሰፈሩ «መንግሥት የሚፈልገው ሰውዬ» ብሎ ነው የሚያውቀው። ሲያልፍ ይነሱለታል፤ መጋረጃም ያዙታል።

«እህትህ እያለቀሰች ነው» አልኩት።

ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። «አውቃለሁ አያ ደሴ። እኔስ መች ተኝቼ አውቃለሁ? ግን ሠርጓ ላይ መጥተው ቢይዙኝስ? በእሷ ቀን? ይህን ከማሳያት ባልኖር ይሻላታል።»

«እና ምን ይሁንልህ?»

ጥቂት አሰበና፣ በቀድሞ ዘመን ጫካ የገባ ሁሉ የሚለውን አለ። «ዋስ እፈልጋለሁ። የሚሰማኝ ሰው ራሱ ‹ግባ› ካላለኝ አልገባም።»

ለጆሮ ጠቢ ሽማግሌ የሚላክበትን አድራሻ ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ እሄድ ነበር። ባዶ እጄን ተመልሼ፣ ሼህ እንድሪስ ባሉበት ለእትየ ራሕመት ነገርኳቸው። እትየ ራሕመት አቀረቀሩ። ሐዘን የያዛቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እፍረት ነው።

«ደሴ፣ ይህ ሰው ስንሰማማ ሁሉ አብሮን ነበር ማለት ነዋ?» አሉኝ።

«እንዲያ ይላሉ።»

«የሐያት ሽማግሌዎች ሲመጡ ሰምቷል። በሬውን ስንዋዋል ሰምቷል። ድንኳኑን ሰምቷል።»

«ከሰማ፣ ሁሉን ሰምቷል።»

«ታዲያ አልጠራነውም!» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

እንግዲህ ጎንደርን የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ሠርግ ሰምቶ ያልተጠራ ሰው እስከ ልጅ ልጅ ይቀየማል። የማይሰማ ሰው አለመጥራት ይቻላል፤ እየሰማ የተዘለለ ግን ደም እንደፈሰሰበት ነው የሚቆጥረው። እትየ ራሕመት የልጃቸው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የመጣ ሆኖ ታያቸው። ሰላም እንኳ ብለነው አናውቅም፤ እንደ ግድግዳ ቆጥረነው ከርመን እንዴት አይከፋብን፣ አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለማንም ይደውሉ ለማን፣ አስቀድመው «አሰላሙ አለይኩም፤ አንተ የምትሰማውም እንደምን ዋልህ ልጄ» ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም። ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቻቸው ግራ ተጋብተው እኔ ጋ ደውለው ነበር።

የመጥራቱ ቀን እትየ ራሕመት ሼሁንና ሁለት ሽማግሌዎችን ምስክር አስቀምጠው፣ ከእነሱ ግቢ እኔ ጋ ደወሉ። «ደሴ፣ የደወልኩት ለአንተ አይደለም። መስመሩን ለመክፈት ነው። ጆሮህ ላይ አድርገህ ዝም በል። እንዳትተነፍስ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ቀድሞ ይደርሰኛል፤ በስልኩ ደግሞ ከኋላው ይከተላል። እናም እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ በጭቃው፣ አንድ ጊዜ በአየሩ።

«የምትሰማን ሰው፣ እንደምን ከርመሃል። ስምህን ስለማላውቅ ይቅር በለኝ። ልጄን ሐያትን እሑድ እድራለሁና መጥተህ መርቅልኝ። እስላም ሁን ክርስቲያን አላውቅም፤ ሁለቱም ድንኳን አለ፣ ለየብቻ ይታረዳል፤ በሁለቱም ቦታ ይያዝልሃል። ደግሞም የቸገረኝን ልንገርህ። ወንድሟ ሰኢድ ፈርቶህ ዛሪማ ወርዷል። ሰኢድ ክፉ አያውቅም። ዶሮ ሲታረድ ዞሮ የሚቆም ልጅ ነው። ገብቶ እህቱን ይዳር ዘንድ ፈቅደህለታል ወይ?»

ዝም ብለው ጠበቁ። ሽማግሌዎቹም ጠበቁ። እኔ በሕይወቴ ሳል እንደዚያች ደቂቃ ተፈታትኖኝ አያውቅም። አፌን በጋቢዬ ይዤ ዋጥኩት። ጭራሽ እትየ ራሕመት አከሉ፣ «ባለቤትህንም ይዘሃት ና። ብቻህን የሰው ቤት ወሬ ስትሰማ መዋል አይሰለችህም?»

ይቺን ጊዜ አመለጠኝ። ሳቅሁ። በአፍንጫዬ ነው፣ ግን ሳቅ ነው።

«ሳቀ!» ሲሉ ግድግዳው ተነቃነቀ።

ኒካሕ ሲታሰር ሙሽራዋ ትጠየቃለች፤ አፍ አውጥታ «እሺ» ማለት ስለምታፍር፣ ዝም ካለች ፈቅዳለች ይባላል፤ ከሳቀችማ ነገሩ አለቀ። ይህን ሕግ ሼህ እንድሪስ ስንቱን ሲያጋቡ ሠርተውበታል። እኔ ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ሮጬ ስደርስ እትየ ራሕመት ሕጉን መልሰው ለሼሁ እያስተማሯቸው ነው።

«ራሕመት፣ ይህ እኮ ለሙሽራ ነው» ይላሉ ሼሁ።

«ፊቱን ለማንም አያሳይ፣ ድምፁን ለማንም አያሰማ፤ ከእሱ የባሰ ዓይነ አፋር ሙሽራ የት አይተዋል?»

ሼሁ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። እኔ መሐል ገባሁና «እትየ ራሕመት፣ የሳቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ገላመጡኝ። «ዝም በል ተብለህ አንተ አትስቅም። ስንት ዘመን አብሬህ ኖሬ ላላውቅህ ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ጨዋነቴ እንዲህ በአንድ ድምፅ ተመስክሮልኝ አያውቅም፤ በዚያው ልክ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ልጁ ቢያዝ በእኔ አፍንጫ መዘዝ ነውና።

ቃሉን የዛሪማ ሾፌር በአፉ ይዞ ወረደ፤ «ተጠይቆ ስቋል፣ ግባ» የሚል። ሰኢድ ቅዳሜ ገባ። ጺሙን ተላጭቶ፣ ለእህቱ መኝታ ቤት የሚሆን ነጭ መጋረጃ ይዞ። ሐያት ደረቱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እኔም ፊቴን ወደ ቤቴ አዞርኩ።

እሑድ ኒካሑ ታሰረ። ሰኢድ የጀማልን እጅ ጨብጦ «ድሬልሃለሁ» ሲል ዓይኑ በር በሩን ነበር የሚያየው። እኔም በሩን አያለሁ። እትየ ራሕመትም ያያሉ፤ የእሳቸው ግን ናፍቆት ነው። በሙስሊሙ ድንኳን አንድ ትሪ፣ በክርስቲያኑ ድንኳን አንድ ትሪ ተከድኖ ሰው ይጠብቃል። የክርስቲያኑ ትሪ አጠገቤ ነበርና፣ ሽታው ምን ያህል እንዳስቸገረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም አልመጣም። «ይሁን፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አሉ እትየ ራሕመት። ቅር ብሏቸዋል።

እንግዳው ሳሳ ሲል ቤተ ሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። ጀማል ኮምፒውተር አስተማሪ ነው። ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ያንን ስልክ ልየው» አለ። ስልኩ ከከፋዩ ተፈትቶ፣ ቻርጅ ተደርጎ መጣ። ጀማል ነካ ነካ አደረገና ግንባሩን ቋጠረ።

«የገባው መሣሪያ እዚህ ተጽፏል» አለ። «ደግሞ አሁንም እንደገባ ነው።»

ሰኢድ ብድግ አለ። «አሁን?»

«አሁን።»

ስልኩ ጫር አለ። ጀማል አነበበው፤ ከአፍታ በፊት ወጣቶቹ በለጠፉት የሙሽሮቹ ፎቶ ላይ ሰኢድ ስቋል። ሁላችንም ሰኢድን አየነው። ሁለት እጁ ባዶ ነው። ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየን። ይህን ጊዜ ከጥግ፣ ከትራሱ አጠገብ፣ የጥፍር ኳኳታ ተሰማ። እትየ ራሕመት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው፣ ሰኢድ ለመደወያ ብቻ ብሎ የሰጣቸውን መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ በአንድ ጣት እየነኩ ነው።

«እማየ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሰኢድ።

«ፎቷቸው አምሮ አይቼ ደስ ብሎኝ ሳቅሁላቸዋ።»

ጀማል ቀስ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠና «ይህን ነገር እንዴት ከፈቱት እማማ?» አላቸው። እትየ ራሕመት አላፈሩም። ስልኩን የሰጣቸው ቀን ሲነካኩት የሰኢድ ፎቶ ብቅ አለ። የልጃቸው ፊት ነውና ዳሰስ አደረጉት፤ ተከፈተ። በቃ። ልጁ ዛሪማ ከወረደ ወዲህማ ሲናፍቃቸው ይከፍቱታል፤ ፎቶውን ዳስሰው ያድራሉ።

«የቦኖውስ?» አልኩ እኔ።

«ውሃ ገባ ሲሉ ደስ ብሎኝ ነዋ ደሴ። ምን ልንካላቸው? ልቡን እንዳልነካ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ለባዕድ ወንድ ልብ ትሰጣለች? አውራ ጣቱ፣ ትልቅ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ነው። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያለቅሳል። በደስታ ዕንባው የሚወርደው እሱ ብቻ ነው ለወግ የሚሆን።»

ማንም አልሳቀም። ለዚያ ቦኖ በከተማው ውስጥ ከልቧ ደስ ያላት አንዲት ሴት ነበረች፤ ደስታዋ ልጇን ዛሪማ አወረደው። ጀማል እኛ አገር ስልክ የትም ይከፈት የት ብዙ ጊዜ ቦታው አዲስ አበባ ተብሎ እንደሚጻፍ አስረዳን። በዚህ አካውንት ከእሳቸው ሌላ የገባ ሰው አይታየኝም፣ አለ። በሌላ መንገድ የሚሰማ ይኑር አይኑር እሱም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም።

ሰኢድ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አላለውም። ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ተሟጠጠ። ሲፈራ የከረመው ሰው ከመጋረጃ ሻጭነት ከፍ ብሎ ኖሮ፣ አሁን ተመልሶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተጣለ። አዘንኩለት፤ የምሬን ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ የምሆን ይመስለኛል።

«እንግዲያው» አለ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ የሚከታተለኝ ማንም አልነበረም?»

እትየ ራሕመት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስከታተልህ የከረምኩት እኔ ነኝ» አሉት። «አነስኩብህ?»